ስልኩን የሚያነሳው ሰው

ሮዊና የአዳራሹን በር ገፍታ ስትገባ ሰውዬው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛት። «እንደምን ዋልሽ» የለ፣ «ተቀመጪ» የለ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮክ ብሎ ፒያኖ ይጫወታል። ሰውዬው የእጅ ሰዓቱ ላይ አፍጥጧል። ከጎኑ ግማሹ የተገመጠ የሥጋ ፓይ ቀዝቅዞ ተቀምጧል።

«ይቅርታ፣ ኢንሹራንስ የሚያወዳድረው...»

«እሽሽ!»

ደሟ ፈላ። አርባ ሦስት ዓመት ታሎዋ ከተማ ስትኖር እንኳን በዚህ የሕዝብ አዳራሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም «እሽሽ» ያላት ሰው የለም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ ልትወጣ ስትል ፒያኖው ተቋረጠና የአንዲት ወጣት ድምፅ መጣ።

«ስለጠበቁን እናመሰግናለን፤ ምን ልርዳዎት?»

«ምንም። መኖርሽን ለማወቅ ነው፤ አመሰግናለሁ» አለና ዘጋው። ወረቀቱ ላይ «አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀና አለ።

ምን ዓይነት ዐይን ነው! ደግ፣ ድንግጥ ያለ፣ እንቅልፍ ከራቀው የቆየ ሰው ዐይን። ሮዊና ያዘጋጀችው ስድብ ከአፏ ጠፋ።

«አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ጠብቀህ ዘጋህባት?»

«ሃሚሽ እባላለሁ» አለ ወንበር እየሳበላት። «የቤት ኢንሹራንስ ለማወዳደር ከመጡ ቦታው እዚህ ነው። ክፍያ የለም። ፓዬን ግን አላካፍልም።»

አዳራሹ ጥግ ላይ ሻይና ስኮን የሚባለውን ትንሽ ዳቦ የምታድለው አሮጊቷ ኖሊን ሳቀች። ኖሊን የሮዊና የቅርብ ጎረቤት ናት። «አትቆጪው ሮዊና! እኔንም ባለፈው ሳምንት እሽሽ ብሎኛል። በሰማንያ አንድ ዓመቴ!»

ሮዊና ሳትፈልግ ፈገግ አለች፤ ተቀመጠችም።

«ሰው ሁሉ ዋጋ ነው የሚያወዳድረው» አለ ሃሚሽ። «ዋጋውን ኋላ እናየዋለን። ለእያንዳንዱ ኩባንያ እንደውላለን፤ ስንት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ እንቆጥራለን። ውሃ በመጣ ቀን ስልኩን ማን ያነሳል? መጀመሪያ እሱን እንወቅ።»

የሮዊና ፈገግታ እዚያው ላይ ደረቀ። ሃሚሽ ግን ወደ ወረቀቱ አቀርቅሮ ነበር።

«አድራሻ?»

«ማካሊስተር ጎዳና፣ ቁጥር አሥራ አራት።»

እስክሪብቶው ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጻፈው። ሮዊና አልገረማትም፤ ያንን ጎዳና ሲሰማ የማይደነግጥ የኢንሹራንስ ሰው የለም።

ማካሊስተር ጎዳና ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። ከሁለት ዓመት በፊት በየካቲት አንድ ሰኞ ጠዋት ወንዙ ሞልቶ መጣ። ቤቶቹ ሁሉ በረጃጅም ቋሚ እንጨቶች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ውሃ ከሥር እንዲያልፍ። ያን ቀን ግን ውሃው ከሥር ማለፍ አልበቃውም። የሮዊናን ቤት እስከ ጣሪያው አፍ ዋጠው፤ ባሏን ክሌምንም ወሰደው።

ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከተማው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሮዊናን እንደ ጥላ የሚከተላት እሱ ነው።

ከጎርፉ በፊት በነበረው ዓመት ኢንሹራንሶቹን ያወዳደረችው እሷ ናት። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቹን ዘርግታ፣ ጎርፍን የሚጨምረው ውል ዋጋው አራት እጥፍ ሲሆንባት ጎርፉን አስወጣችው። ለክሌም «ርካሽ አገኘሁ» አለችው እንጂ ምን እንደጎደለ አልነገረችውም። ያን ሰኞ እሷ ኮረብታው ላይ ባለው የማካዳሚያ ለውዝ ፋብሪካ ሥራ ላይ ነበረች፤ መንገዱ ተቆርጧል። ክሌም ደወለ። «ውሃው አምስተኛው ደረጃ ላይ ደርሷል፤ ኢንሹራንሳችን ጎርፍ ይሸፍናል አይደል?» አለ። ሮዊና እውነቱን ለመናገር አፈረች። አዎ፣ አፈረች! ያን ያህል ነው ነገሩ። «ደውለህ ጠይቃቸው» አለችው።

ደወለ። ጀልባ የያዙ ጎረቤቶች ኖሊንን ሲጭኑ ክሌም በረንዳው ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሞ ነበር። «ና ግባ!» አሉት። «ተራዬ ሊደርስ ነው፤ ኋላ ተመልሳችሁ ውሰዱኝ» አላቸው። ኖሊን ይህን ስትናገር ዛሬም እንባዋ ይመጣል። ጀልባው ሲመለስ በረንዳው አልነበረም። ውሃው ከጎደለ በኋላ ክሌምን ያገኙት ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ነው። የሮዊና የልብስ ስፌት መኪና ከጎኑ ነበረች።

የስልክ ድርጅቱ በላከው ዝርዝር ላይ የመጨረሻው ጥሪ ርዝመት ተጽፏል፤ አርባ ሦስት ደቂቃ። ሮዊና ያንን ወረቀት በቃሏ ታውቀዋለች። ቤቱን አሳደሰች፣ ግድግዳውን ቀባች። ዝናብ ሲጥል ግን ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ የሚራመድ ሰው ይሰማታል። ቴሌቪዥን ከፍታ፣ ድምፁን አጉልታ ትቀመጣለች። አሁን የውሉ ዘመን ሊያልቅ ነው፤ ከዚያ ኩባንያ ጋር አንድ ዓመት መጨመር አልቻለችም። አዳራሹ ድረስ የመጣችው ለዚህ ነበር።

ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሥራ ስትወጣ፣ ከሃሚሽ ጋር ተቀምጠው ስልክ ይጠብቁ ጀመር። ስድስት ኩባንያ ነበር ዝርዝሩ ላይ።

የመጀመሪያው ማካሊስተር ጎዳና ሲባል ጉንፋን እንዳየ ሰው ሸሸ። ሁለተኛው ጎርፍ እሸፍናለሁ አለ፤ ግን ደረጃውን አልሸፍንም፣ በረንዳውን አልሸፍንም፣ ከቤቱ ሥር ያለውንም አልሸፍንም። «በሩን ብቻ ነው እንዴ የምትሸፍኑት?» ብላ ሮዊና ጠየቀችው። ሦስተኛው ጋ ሰው የሚባል የለም፤ ማሽን ነው ከማሽን ጋር የሚያገናኘው። የአራተኛው ዋጋ ለሮዊና ሲነገር ኖሊን የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ መጥታ «ለቤቱ ነው ለቤተ መንግሥት?» አለች።

አምስተኛው የሚያስጠብቅበት ሙዚቃ ቫልስ ነበር። ስድስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ...

«ይሄ እንኳ ያስጨፍራል» አለች ሮዊና።

«ይነሡ ታዲያ!»

«እርስዎ እርስዎ አትበለኝ። ርእሰ መምህርት መሰልኩህ?»

«እሺ...» ሃሚሽ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ተነሺ ታዲያ።»

ተነሣች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትተው በአዳራሹ ወለል ላይ ጨፈሩ። እሱ እግሯን ረገጣት፤ እሷ ሳቀችበት። እጁ ይሞቅ ነበር። ሮዊና ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እንዲህ ይዟት አያውቅም፤ ልቧ እንዴት እንደመታ እኔ ልንገራችሁ አልችልም።

«ኸረ ሰው ያያችኋል!» ኖሊን ጮኸች። «እዩኝ እዩኝ ነው እንዴ? ከዚህ በላይ መጠጋት ውል ያስፈልገዋል!»

ያኔ ሙዚቃው መሐል የተቀዳ ድምፅ ገባ። «ይህ ጥሪ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ሊቀዳ ይችላል።»

የሃሚሽ እጅ ቀዘቀዘ። ፊቱ ነጭ ሆነ፤ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ምንም... አዙሮኝ ነው።»

የኩባንያው ሰው ስልኩን ሲያነሳ በሃሚሽ ቦታ ሮዊና ተናገረች። «ውሃው ከሰማይ ከመጣ እንከፍላለን፤ ከወንዝ ከመጣ ግን አንከፍልም» አላት ሰውየው።

«ውሃው መታወቂያ ይዞ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለችና ዘጋች። ሃሚሽ ይስቃል ብላ ዞር አለች። አልሳቀም፤ ወለሉን ያያል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቤቷ መጣ። ቤቱ እንዳለ ቢፈርስ እንደገና ለመሥራት ስንት እንደሚፈጅ ለመገመት መለካት ያስፈልጋል፤ ሜትሩን ይዞ ነው የመጣው። ሮዊና ከጠዋት ጀምራ ሁለት ጊዜ ልብስ ለውጣለች። ፀጉሯን አሥራ፣ ፈትታ፣ መልሳ አሥራለች። «ለመለካት ነው የሚመጣው፤ ምን ሆነሻል አንቺ ሴት» ብላ ራሷን ተቆጣች።

ሳሎኑን ለኩ፣ መኝታ ቤቱን ለኩ። እሷ የሜትሩን ጫፍ ትይዛለች፣ እሱ ቁጥር ይጠራል። ጣታቸው ሲነካካ ሁለቱም ቁጥሩ ይጠፋባቸዋል። መታጠቢያ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ግን ሃሚሽ አልገባም። በሩ ላይ ቆመ። ግድግዳውን አላየም፣ ወለሉን አላየም። ቀና ብሎ ከገንዳው በላይ ያለውን የኮርኒስ ጥግ ተመለከተ። ወደ ኮርኒሱ ውስጥ የሚያስገባው ቀዳዳ ድሮ እዚያ ነበር። ሮዊና ቤቱን ስታሳድስ አስደፍናዋለች፣ ቀለም አስቀብታዋለች። ምልክት የለውም።

«ምን ታያለህ?»

«ምንም።»

«እዚያ ቀዳዳ እንደነበረ ማን ነገረህ?»

ሃሚሽ ዐይኑን ከጥጉ ላይ አላነሳም።

«ሃሚሽ! ማን ነገረህ?»

«ክሌም» አለ።

ሮዊና ሜትሩን ለቀቀችው፤ ጫፉ እየተጥመለመለ ተመልሶ ገባ።

«የዚያን ቀን ብሪዝበን ከተማ ነበርኩ» አለ ሃሚሽ፤ ድምፁ አይወጣም። «የኩባንያችሁ ስልክ መልስ ሰጪ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ደቂቃ ከጠበቀ በኋላ ለእኔ ደረሰ። ጎርፍ ይሸፍናል ወይ አለኝ። ስክሪኑ ላይ አየሁ... አይሸፍንም አልኩት።»

«ታዲያ ታውቃለህ» አለች። «ጎርፉን እኔ እንዳስወጣሁት ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለህ። አድራሻዬን ስነግርህ ጀምሮ! ስታስጨፍረኝም ታውቅ ነበር!»

«አውቅ ነበር።»

«ፈልገኸኝ ነው የመጣኸው? ለንስሐ?»

«ወደ ከተማው አዎ፣ በእሱ ምክንያት መጣሁ። ወደ አንቺ ግን አልመጣሁም፤ ደፍሬ በዚህ ጎዳና እንኳ አላለፍኩም። አንቺ ነሽ በበሩ የገባሽው።»

«ምን አለ? ሁሉንም ንገረኝ። እንዳታሳምርልኝ!»

ሃሚሽ አላሳመረም። «ተናደደ። "ሮዊና፣ ሮዊና፣ ምነው ብትነግሪኝ!" አለ። እኔን ሳይሆን ኩባንያውን ረገመ። ከዚያ ሳቀ። "ገንዘብ የለም፣ የሚገባው ውሃ ብቻ ነው፤ ቢያንስ የስፌት መኪናዋን ኮርኒስ ላይ ላውጣላት" አለ። ኮርኒስ ውስጥ ገባ፤ መግቢያው ከገንዳው በላይ ነው አለኝ። ከዚያ... "ድንገት ከደወለች እንደጠየቅኳችሁ አትንገሯት፣ ታፍራለች" አለኝ። ለዚያ ነው ዝም ያልኩት። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።»

«አንተስ? አንተ ምን አልከው?»

ሃሚሽ ሜትሩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «የሚጠቅም ነገር አላልኩትም።»

«ታፍራለች አለ? እንዲህ አለ?» ሮዊና ሳቀች፣ ክፉ ሳቅ ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ መስማት የምፈልገውን ቃል ከየት አገኘኸው? ለራስህ መደበቂያ የፈጠርከው ነው! ውጣ ከቤቴ!»

«ሮዊና...»

«ውጣ!»

ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ሜትሩን ረስቶት ነበር። ሮዊና መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ያንን የተደፈነ ጥግ እያየች፣ እስኪደክማት አለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈች። ውሉ በስሟ ስለሆነ የተቀዳውን ጥሪ የመጠየቅ መብት አላት። መልሱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል አሏት።

ምነው ጠየቅኩ ያለችባቸው ቀናት ነበሩ። ሃሚሽ ውሸቱን ከሆነ ሁለተኛ ጊዜ ሰው ሞተባት ማለት ነው። እውነቱን ከሆነስ? ክሌም በሷ ቃል ስልክ ላይ ቆሞ፣ በሷ የስፌት መኪና ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ እንደሞተ በገዛ ጆሮዋ ልትሰማ ነው። ሁለቱም እሳት ነው። ዝናቡ ደግሞ በጋ ክረምት አይል፤ በዘነበ ቁጥር ከላይ ያ እርምጃ ይመጣል።

በአዳራሹ በኩል ማለፍ ተወች። ኖሊን ግን ሰው አትተውም። አጥር ላይ ተደግፋ ትጠብቃታለች።

«ከስቷል» አለቻት አንድ ቀን።

«ማን?»

«ማን ትላለች ደግሞ! ፓዩን እንኳ አይጨርስም። ምን አደረገሽ?»

«እውነት ይሁን ውሸት የማላውቀውን ነገር ነገረኝ።»

«እኔ በሰማንያ አንድ ዓመቴ ስለ ወንድ የማውቀው አንድ ነገር ነው» አለች ኖሊን። «ውሸታም ሲዋሽ አይከሳም። ይወፍራል።»

የውሉ ቀን እየደረሰ ነበርና አንድ ከሰዓት ሮዊና ስድስተኛውን ኩባንያ ብቻዋን ደወለች። የገበሬዎች ማኅበር ያቋቋመው ትንሽ ኩባንያ ነው፤ ሙዚቃም የለው። የእጅ ሰዓቷን አወለቀችና ፊቷ አስቀመጠችው። በሁለተኛው ደቂቃ አንዲት ሴት አነሳች።

«ከማካሊስተር ጎዳና ነው የምደውለው፤ ታሎዋ» አለች ሮዊና።

«ታሎዋ? መጀመሪያ ይንገሩኝ፤ ያሉበት ቦታ ደረቅ ነው? ዝናቡ እዚያ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ...»

ሮዊና ሰዓቱን መቁጠር ረሳች። የውል ቁጥር አልጠየቀቻት፣ ስሟን አልጠየቀቻት። ሴትዮዋ «ወይዘሮ፣ አሉ?» ስትል «አለሁ፣ ደረቅ ነው» አለችና ጎርፉን ጨምሮ እዚያው ተዋዋለች። ዋጋው ርካሽ አልነበረም። ስልኩን ስትዘጋ መጀመሪያ የመጣላት «ሁለት ደቂቃ!» ብላ ለሃሚሽ መንገር ነበር። ስልኳን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

ቅጂው በስምንተኛው ሳምንት መጣ። ሐሙስ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ መኪናዋን ፋብሪካው ያለበት ኮረብታ አፋፍ ላይ አቁማ፣ ወንዙ ከታች ቡናማ ሆኖ ሲሄድ እያየች፣ ከፈተችው።

የክሌም ድምፅ። ጌታ ሆይ፣ የክሌም ድምፅ! ከጀርባው ውሃው ይሰማል።

ሃሚሽ የነገራት ሁሉ ነበረ። «ሮዊና፣ ሮዊና፣ ምነው ብትነግሪኝ!» ነበረ። እርግማኑ ነበረ፣ ሳቁም ነበረ። «ድንገት ከደወለች እንደጠየቅኳችሁ አትንገሯት፣ ታፍራለች። እኔም ብሆን ርካሹን ነበር የምመርጠው» ነበረ። አንዲት ቃል አልጨመረም። የሚያስከፋትን እንኳ አልቀነሰም።

የቀነሰው ሌላ ነበር።

«አቶ ክሌም፣ ስለ ኢንሹራንሱ ይተዉት፤ ይውጡ!» ይላል የሃሚሽ ድምፅ። «ኮርኒስ ውስጥ አይግቡ! ከገቡ መውጫ የለዎትም፤ ጣሪያው ላይ ይውጡ።» ክሌም «ትንሽ ቆይ» ይላል። «ይውጡ! ዕቃ ይተዉ፣ ይውጡ!» ከዚያ ከሩቅ የሌላ ሰው ድምፅ ይሰማል። «ሃሚሽ፣ ዝጋውና ቀጣዩን አንሳ። ሁለት መቶ ሰው እየጠበቀ ነው።» «አልዘጋም» ይላል ሃሚሽ። «ካልዘጋህ ሥራህን እዚሁ ታስረክባለህ!» «እሺ፣ አልዘጋም። አቶ ክሌም፣ ይሰሙኛል? ይውጡ! እባክዎን ይውጡ!»

በመጨረሻ የክሌም ድምፅ ከሩቅ፣ እያለከለከ መጣ። «ወንድሜ፣ አንተ ደግ ሰው ነህ። አይዞህ።» ከዚያ ጩኸት የመሰለ ነገር። ከዚያ ምንም። ከምንም በኋላ ሃሚሽ ብቻውን «ይውጡ... ይውጡ... ይውጡ...» ይላል፤ ያለቅሳል።

ሮዊና መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች። ኮረብታው ላይ የሰማት የለም። ሁለት ዓመት ያልወጣ ጩኸት ነበር። ከዚያ ቅጂውን እንደገና ከፈተችው፤ አሁን እየቆጠረች።

አዳራሹ ስትደርስ ሃሚሽ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆኖ ስልክ እየጠበቀ ነበር። ስልኩ ጊታር ይጫወታል። ሃሚሽ ሲያያት ብድግ አለ። ኖሊን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ዘጠኝ ጊዜ» አለች ሮዊና።

«ምን?»

«ዘጠኝ ጊዜ "ይውጡ" ብለኸዋል። ቆጠርኩት። ለምን አልነገርከኝም? ያ ሁሉ ሲወጣ ያንን ለምን ደበቅከው?»

«አልወጣማ» አለ። «ዘጠኝ ጊዜ ብልስ? አልወጣም ሮዊና! ቃሉን መምረጥ አልቻልኩም። ሌላ ሰው ቢያነሳው ኖሮ... ሌላ ቃል የሚያውቅ ሰው ቢያነሳው...»

«ሌላ ሰው ይዘጋበት ነበር» አለች። «ብቻውን ይሞት ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የማየው ያንን ነበር፤ ሙዚቃ እየሰማ፣ ተራ እየጠበቀ፣ ብቻውን። ብቻውን አልነበረም። አንተ ነበርክ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ እውነቱን አንድ ጊዜ ብናገር ይበቃ ነበር። ያ አይለቀኝም፤ እስክሞት አይለቀኝም። አንተንም አይለቅህም። ግን ሃሚሽ፣ ለየብቻ ከምንሸከመው...»

አልጨረሰችውም። እሱ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ፤ እሷም ሄደች። አዳራሹ መሐል ላይ ተቃቅፈው ቆሙ። ሁለቱም ያለቅሳሉ።

ጊታሩ ተቋረጠና «ስለጠበቁን እናመሰግናለን» አለ ስልኩ። ሽማግሌው ግራ ተጋብቶ ኖሊንን አያት።

«ዝጋው» አለችው ኖሊን አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሰው እንዳለ አውቀናል።»

በዓመቱ ተጋቡ። ሃሚሽ ማካሊስተር ጎዳና፣ ቁጥር አሥራ አራት ገባ። ሰው ሁሉ «ሽጡት፣ ከዚያ ቤት ውጡ» ብሏቸው ነበር፤ ሮዊና እንቢ አለች። ቤቱ የክሌም እጅ ሥራ ነው። እርምጃው አልቀረም፤ ዝናብ ሲጥል ዛሬም ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ ይሰማታል። አንድ ቀን «ይሰማሃል?» ብላ ጠየቀችው። «ይሰማኛል» አላት። ይሰማው አይሰማው እኔ አላውቅም። ሮዊና ግን ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ከፍታ ድምፁን አጉልታ አታውቅም።

ከተጋቡ በኋላ ሁለተኛው የካቲት መጣ። እሑድ ከምሳ በኋላ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያላቋረጠ ዝናብ። ሬድዮው ወንዙ ሌሊት ድረስ ከፍ ይላል፣ ሰዎች ይዘጋጁ ይላል። ውሃው ገና ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። ሮዊና የሳሎኑን ምንጣፍ እየጠቀለለች ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያላለቀ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ የክሌም ፎቶ፣ ምድጃው ላይ ወጥ አለ። ስንት የሚነሣ ነገር አለ!

ሃሚሽ ከበረንዳው ገባ። ፊቱ ያን ጊዜ ሙዚቃው መሐል እንደነጣው ነጥቷል። ምን ሊላት እንደሆነ ታውቃለች፤ ስንት ጊዜ ሊላት እንደተዘጋጀም ታውቃለች።

«ሮዊና፣ እንውጣ» አለ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ሮዊና ምንጣፉን እዚያው ለቀቀችው፣ ምድጃውን አጠፋች፣ እጁን ያዘች። በሩን እንኳ ሳይቆልፉ ወጡ።